የአሰብ ነፋስና የዓሊ ጀልባ

ጉለሌ ውስጥ ዝናብ መምጣቱን የሚነግረን እንጦጦ ነው። ጥቁር ደመና ተራራው አናት ላይ ሲቀመጥ ሴቶች ልብስ ከገመድ ላይ ያነሣሉ፣ ባለሱቆች ደጅ ያሰጡትን በርበሬ ያስገባሉ፣ ቅጠል ተሸካሚዎችም ቁልቁለቱን በሩጫ ይወርዱታል። በዚህ ልማድ ስላደግኩ፣ አንድ ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር ባሕር ሲቆጣ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይህን ያየሁት በጥር ወር፣ አሰብ ነው። ባሕር አይተው ለማያውቁና ምናልባትም ለማያዩ አንባቢዎች ጉዞውን በየቀኑ ቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን ደግሞ ከማን እንደሰማሁት እለያለሁ። እንዲህ አጥብቄ መለየቴ ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ግልጽ ይሆናል።

ሰኞ

ዋና አዘጋጃችን የላከኝ በአጭር ቃል ነው። «የአሰብ የነፋስ ወቅት ነው ይላሉ። የወደቡ ጭነት አንባቢውን ሰልችቶታል፤ ባሕሩን ጻፍልኝ። ማዕበሉን ሳታይ እንዳትመለስ» አለኝ።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የይለፍ ወረቀቴን ሲሞላ የጉዞው ምክንያት ላይ እንደደረሰ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ልበል?»

«ማዕበል ለማየት።»

«ይህንንማ አልጽፍም። ኬላ ላይ ያስቀሩሃል» ብሎ «ለሥራ» ሲል ሞላው።

የምሄደው ከቁስቋሙ በላቸው ጋር ነበር። በላቸው ከአሰብ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ የባለተሳቢ መኪና ሾፌር ነው። መንገዱን ከማወቁም በላይ አፋርኛ ይናገራል። ከሰፈራችን ከመውጣታችን በፊት የጋሽ ሰይድ ሱቅ ፊት ለፊት አቆመ። ጋሽ ሰይድ የባቲ ሰው ነው፤ ጉለሌ ላይ ሱቅ ከከፈተ ብዙ ዘመኑ ነው። ታናሽ እህቱ ፋጡማ እዚሁ ሱቅ ጓዳ አድጋ፣ ዓሊ የሚባል አፋር ዓሣ አጥማጅ አግብታ አሰብ ትኖራለች። ጋሽ ሰይድ አፉ የተሰፋ ከረጢት ይዞ ወጣ። ገና ሳይጠጋን የነጭ ባሕር ዛፍ ሽታ ደረሰን።

«ለዓሊ ነው። ጉንፋን አይለቀውም፤ ይታጠንበት። ፋጡማን በደንብ አይተህ ንገረኝ፣ አስናቀ። ሾፌር ሁሉ 'ደህና ናት' እያለኝ ነው የሚያልፈው። ምን እንደምትመስል እንኳ የሚነግረኝ የለም።»

«ባሕር ዛፍን ወደ ባሕር ስንመልሰው የመጀመሪያዎቹ እኛ ሳንሆን አንቀርም» አለ በላቸው፣ ከረጢቱን ከወንበሩ ኋላ እየወረወረ።

ደብረ ዘይትን አልፈን ናዝሬት ላይ ምሳ በላን። መተሐራ ሳንደርስ የተሳቢው አንድ ጎማ ፈነዳ። በላቸው ሳይነጫነጭ ቀየረው፤ እኔም ክሪኩን አቀበልኩት። አዋሽ ላይ ጎሚስታው የተበላሸውን ጎማ ሲጠግን ቆይቶ የምናድርበትን ቤት ራሱ አሳየን። አልጋው ንጹሕ ነበር። አንሶላ ብቻ በቂ ነው ብትለኝ የቤቱን ባለቤት አላመንኳትም። ጉለሌ በጥር ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን ነው የምንተኛው። አንሶላውንም በኋላ ጥዬው አደርኩ።

ማክሰኞ

ከአዋሽ ወደ ገዋኔ ያለው ምድር ጠፍጣፋና ግራጫ ነው። እኛ ሰፈር ዓይን የትም ቢዞር ተራራ ይገታዋል፤ እዚህ የሚገታው የለም። ገዋኔን እንዳለፍን ሞተሩ ስለጋለ ግራር ጥላ ሥር አቆምን። ወዲያው ግመሎች የሚነዳ አንድ ጎልማሳ አፋር መጥቶ እጃችንን ሳመ፤ እጁን አስሞን ተቀመጠ፤ ከዚያም ለበላቸው ረጅም ጥያቄ አቀረበ። በላቸው ወደ እኔ ዞረ።

«ከየት እንደመጣህ፣ መንገድ ላይ ምን እንዳየህ ይጠይቅሃል።»

«ደህና ነው፣ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን በልልኝ።»

በላቸው ተረጎመለት። ሰውዬው መልሱን እንዳልሰማ ሆኖ መጠበቁን ቀጠለ።

«ጋሽ አስናቀ፣ እዚህ 'ደህና ነው' ማለት አፍ መዝጋት ነው» አለኝ በላቸው። «ዳጉ ይባላል። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ቁጭ ብሎ ያየውን ይለዋወጣል። ሣር የት እንዳለ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ ትነግረዋለህ። ያየኸውን 'በዓይኔ' ትላለህ፤ የሰማኸውን ከማን እንደሰማኸው ትናገራለህ። ከዋሸህ ከዚያ ወዲያ የሚያምንህ የለም።»

ሥራዬን በሌላ ስም የሚሠራ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። ከአዋሽ ወዲህ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ የሞተች ጥጃ፣ የደረቀ ወንዝ፣ ቆመው ያደሩ መኪናዎች፣ ሁሉንም። አንዳንዱን እያስቆመ ይጠይቀኝ ነበር። ጥጃዋ የሞተችው ከመንገዱ በቀኝ ነው በግራ? ምልክት ነበራት? ሲበቃው ደግሞ ከሚሌ በኩል ከሚመጣ ሰው የሰማውን ነገረን። ከባሕሩ በኩል ብርቱ ነፋስ ተነሥቷል፤ እሱ ግን አላየውም። ይህንን «አላየሁም» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገመው። ያን ዕለት ሚሌ አደርን።

ረቡዕ

ከሚሌ በኋላ መንገዱ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ወደ ዶቢ ሜዳ ይወርዳል። በላቸው በፍሬን ሳይሆን በማርሽ እየያዘ አወረደው። ሜዳው ላይ ምንም የሚበቅል ነገር የለም፤ ቢሆንም በላቸው ሥራ ከጀመረ ወዲህ የተበላሹበትን መኪናዎች ስፍራ አንድ በአንድ እያሳየ የሰፈር መንገድ አስመሰለው። ከሰዓት በኋላ ቡሬን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ነፋሱ ከቀኝ በኩል መኪናውን ይገፋው ጀመር። አሸዋ መስተዋቱን እንደ በረዶ ይመታዋል። ሰማዩን አየሁ፤ ጥርት ያለ ነው።

«ይህ ነፋስ ደመናው የት አለ?» አልኩ።

«ደመናውን እንጦጦ ትተነው መጣን» አለ በላቸው።

ፋጡማ ቤት የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ቤቱ የጣውላ ነው፤ ፊት ለፊቱ ሻይ የምትሸጥበት በረንዳ አለው። ጠቆር፣ ቀጠን ብላለች፤ ፊቷ ግን ያው የልጅነቷ ነው። ሹራብ ለብሳለች፤ ጥር የአሰብ ብርድ ነው አለችኝ። እኔ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ከረጢቱን አሽትታ ሳቀች።

«ጋሽ ሰይድ ገንዘብ ቢልክልኝ ምን አለበት! እንጦጦን ላከልኝ?»

ከሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የበሰለ ዳቦና በርበሬ የተቀባ ዓሣ አቀረበችልን። ዓሣው የእጄን ክንድ ያህል ነበር። ጉለሌ በጾም ወቅት ዓሣ ብናገኝ ለስድስት የምንካፈለው ነው። እሷ ግን አልበላችም።

«ዓሊ የት አለ?» አላት በላቸው።

«ደሴቶቹ ጋ ወጥቷል፣ ከሁለት ሰዎች ጋር። ዛሬ ይገባል ብዬ ነበር። ነፋሱ እሑድ ነው የተነሣው።» ዓይኗ በዳቦው ላይ ሳይሆን በበሩ በኩል በሚታየው ውሃ ላይ ነበር።

ሐሙስ

ሙሉውን ቀን ባሕሩን አየሁ። የመጣሁበት ሥራ ስለነበረ በሥርዓት ለማየት ወስኜ ነበር። ጧት ወደቡ አጠገብ እንደቆምኩ አንድ ወታደር መጣ።

«ጓድ፣ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ማዕበሉን አያለሁ።»

«ለምን?»

«ልጽፍበት።»

«ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም፤ መልኩን ነው የምጽፈው።»

ወረቀቴን አገላብጦ አየ። የጎጃም ልጅ ነበር። «እኔ ስንት ጊዜ አየሁት፣ ገና አልለመድኩትም» አለኝ። «ለመልኩ ከሆነ ከዚያ ማዶ ካለው ዳርቻ እይ፤ እዚህ ክልክል ነው። ጫማህን ግን አውልቅ፣ ይወስድብሃል።»

ምክሩን ተቀበልኩ። ነፋሱ ከደቡብ፣ ከጠባቡ የባሕር በር በኩል ነው የሚመጣው። የአገሩ ሰዎች እንደነገሩኝ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ በልግ ድረስ እየበረታና እየላላ ይነፍሳል፤ ጥር ላይ ይከፋል። ውሃው ሰማያዊ አልነበረም፤ ጭቃ የያዘ የክረምት ወንዝ ይመስላል። ማዕበሉ ከሩቅ ሲመጣ አናቱ ነጭ ይሆንና፣ ነጩን ነፋሱ ቆርጦ ወደ ፊት ይወረውረዋል። ዓይኔን ስጨፍን ቁስቋም ደን ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ፤ ባሕር ዛፍ በኅዳር ነፋስ ልክ እንደዚያ ነው የሚጮኸው። ልዩነቱ ደኑ አንዳንዴ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ባሕሩ አይወስድም። ከንፈሬን ስልስ ጨው ነበር።

ነጫጭ የባሕር ወፎች አሸዋው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረዋል፤ ጀርባዋን የሰጠች አንዲት እንኳ የለችም። ሸርጣኖች ጉድጓዳቸውን ደፍነው ገብተዋል። ከከተማው ጫፍ ባለው ረግረግ ፍላሚንጎዎች በአንድ እግራቸው ቆመው ማዕበሉ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ሴቶች ደግሞ እኛ በሐምሌ ጭቃ ከደጅ እንደምንጠርገው አሸዋ ይጠርጋሉ፤ ጠርገው ሳይጨርሱ ይመለሳል።

ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎቻቸውን በገመድ ጎትተው ከውሃው አርቀዋል። አንድ ቦታ ግን ባዶ ነበር። ፋጡማ ከዚያ ባዶ ቦታ አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

«አየህ፣ ጉለሌ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» አለችኝ። «ጎርፍ ቢመጣ ወደ ላይ እሮጣለሁ። እዚህ ወዴት ይሮጣል? ተቀምጦ ማየት ብቻ ነው።»

ለጋሽ ሰይድ ስልክ ልደውልላት ብሄድ መስመሩን ነፋሱ ጥሎታል አሉኝ።

ዓርብ

በላቸው ጭነት የሚጠብቅበት ወረፋ ገና ስለነበረ ጨው ማምረቻው ካለ አንድ ወዳጁ ላንድሮቨር ተዋሰ። ወደ ሰሜን፣ በዳርቻው ሄድን። ነፋሱ ከደቡብ ስለሆነ ባሕሩ የወሰደውን ሁሉ የሚጥለው በዚያ በኩል ነው። ለፋጡማ ወፎቹን ልናይ ነው አልናት። እሷም እኛም ግን የምንፈልገውን እናውቅ ነበር።

አንድ ትንሽ ወሽመጥ ጋ በጨው ውሃ ውስጥ የቆሙ ዛፎች አየሁ። ሥራቸው ከጭቃው ወጥቶ እንደ ጣት ይታያል። ሁለት ግመሎች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ቅጠሉን ይበላሉ። የእኛው ባሕር ዛፍ ስሙን ብቻ ነው የያዘው፤ እውነተኛው እዚህ ነበር። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በቅርንጫፎቹ መካከል ተጠልለዋል። በሌላ ቀን ቢሆን እዚያ እውል ነበር።

ትንሽ አለፍ እንዳልን በላቸው ፍሬን ያዘ። ውሃው ጠርዝ ላይ የጀልባ ምሰሶ ወድቋል። ሸራው እንደተጠመጠመበት ነው። በላቸው ወርዶ ሸራውን ገልጦ አየና እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ይህን መጣፊያ እኔ ነኝ ከአዲስ አበባ ያመጣሁለት። የማዳበሪያ ከረጢት ነው። የዓሊ ነው።»

አጠገቡ ክዳኑ የጠፋ ሰማያዊ ጀሪካን ነበር። ምሰሶውን ዙሪያውን አየሁት። የጀልባ ጣውላ የለም። ልብስ የለም። ሰው የለም። ከምሰሶው የታሰሩትን ገመዶች ጫፍ አንድ በአንድ በእጄ ይዤ ተመለከትኩ። እስከ ጉብታው ድረስ በእግራችን ሄደን ተጣራን፤ ድምፃችንን ነፋሱ ወሰደው። ከጉብታው ወዲያ መኪናው አሸዋ ውስጥ ተዘፈቀ። ቆፍረን፣ ቅጠልና ድንጋይ ጎማው ሥር አንጥፈን ስናወጣው ቀኑ ጎድሏል። መቀጠል አልተቻለም።

ስንመለስ ተከራከርን።

«ዛሬ አንነግራትም» አለ በላቸው። «እኔ ማታውን ለጎረቤቶቿ ሹክ እላለሁ። ነገ በማለዳ ሰብሰብ ብለው ያረዷታል። እንደ ወጉ ነው።»

«ምን ብለው ነው የሚያረዷት? ምን አየን?»

«ኧረ ጋሽ አስናቀ! ጀልባውን ነዋ!»

«ምሰሶ ነው ያየነው።»

«አንተ ደግሞ ስለ ጽሑፍ ታስባለህ። አራስ ቤት፣ ሐዘን ቤት ገብተህ አታውቅም? ብቻዋን ሳለች እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? እናትህ የሞተች ጊዜ እንዴት ነው የነገሩህ?»

አስታወስኩ። «ትንሽ አሟታል» ነበር ያሉኝ። ከሦስት ሰዎች ጋር በማለዳ መጡ፤ ገና በሩ ላይ ሳያቸው አወቅኩ። በላቸው የሚለው ክፋት አልነበረበትም። ለሞት ከሆነ ከዚህ የሚሻል መንገድ አላውቅም። እኛ ግን ሞት አላየንም። ያየሁትን ለራሷ ለመንገር ቆረጥኩ።

ቤቷ ስንደርስ አልነበረችም። ከከተማው ጫፍ ወደሚኖሩት አማቷ ዘንድ ሄዳለች አሉኝ። መንገዱ ላይ ወታደሮች ሰዓት እላፊ ደረሰ ብለው መለሱኝ። በላቸው በበኩሉ ያሰበውን አደረገ።

ቅዳሜ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ወጣሁ። ወደ አማቷ ቤት ጥቂት እንደሄድኩ ፋጡማ እየመጣች አገኘኋት፤ ሻይ ልታፈላ ወደ ቤቷ መመለሷ ነው። አፌን ሳልከፍት ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ አለፈ። ዞር ብዬ አየሁ። ከደጇ ፊት የወደብ ሠራተኞች ሚስቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ወንዶቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል። ጉለሌ ያደገች ሴት ይህንን ለማንበብ ትርጉም አያሻትም።

«ማነው የሞተው?» አለች።

በላቸው ወደ እኛ ሮጥ ብሎ መጣ።

«ደህና ነው ፋጡማ፣ ደህና ነው። እስቲ መጀመሪያ ግቢና አረፍ በይ።»

ያን ጊዜ ነው ደረቷን የደቃችው። ሴቶቹም ተቀብለው ጮኹ።

ክንዷን ያዝኩ። «ፋጡማ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! እንዲህ አይነገርም!» አሉኝ አንዲት አሮጊት። «መጀመሪያ ትቀመጥ እንጂ!»

«ትቀመጥ፣ እማማ። ግን አሁን ትስማ።» መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ማክሰኞ ዕለት በግራሩ ሥር በተማርኩት ሥርዓት ጀመርኩ። «ትናንት በሰሜኑ ዳርቻ ምሰሶ አይቻለሁ። ሸራው የዓሊ ነው፤ በላቸው በመጣፊያው ለይቶታል። ሰማያዊ ጀሪካን አይቻለሁ፤ ክዳን የለውም። የጀልባ ጣውላ አላየሁም። ሰው አላየሁም፤ የሞተም፣ በሕይወት ያለም። የሰማሁት ነገር የለም። ይኸው ነው።»

ጩኸቱ ቀነሰ። ፋጡማ ፊቷን ጠርጋ አየችኝ።

«በዓይንህ?»

«በዓይኔ።»

«ገመዱስ? ተበጥሷል ወይስ ተቆርጧል?»

«ሁሉም ጫፋቸው እኩል ነው። በስለት የተቆረጡ ናቸው። የተበጠሰ የለም።»

ቀስ ብላ ተነሣች።

«ነፋሱ ሸራውን ሲይዘውና ጀልባው ሊገለበጥ ሲል ዓሊ ገመዱን ቆርጦ ምሰሶውን ይጥላል። ያገባኝ ዓመትም ቆርጦ ጥሎ መጥቷል፤ ስንት ቀን ተጣላሁት ለአዲሱ ምሰሶ። ሳይቆርጡት ቢገለበጡ ኖሮ ገመዱ ተበጥሶ ነበር የምታገኘው።» ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ነጠላችሁን አስተካክሉ። ባሌን አትቅበሩብኝ።»

ያን ቀን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የዓሊ ዘመዶች የሆኑ አፋሮችን ጠርታ እኔ የነገርኳትን ቃል በቃል ነገረቻቸው፤ ጀሪካኑን፣ ገመዱን፣ «አላየሁም» ያልኩትንም ጭምር። እነሱም ወደ ሰሜን ለሚወጣ መንገደኛ ሁሉ አስተላለፉት። የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ተበተኑ። ከእነሱ መካከል አንድ ሾፌር ግን የፋጡማን መልስ ሳይሰማ ቀደም ብሎ ጭነቱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ተነሥቶ ነበር። ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም።

እሑድ

ነፋሱ ላላ። ባሕሩ ገና ሳይጠራ ወፎቹ ቀድመው ተነሡ፤ ከአሸዋው ላይ በአንድነት ብድግ ብለው ውሃው ላይ ተበተኑ።

ከቀትር በኋላ ከሰሜን በኩል አንድ ሽማግሌ አፋር በግመል መጡ። ፋጡማ ውሃ ሰጠቻቸው። ተቀመጡ፤ ሰዉም ከበባቸው። ዳጉ ከመነሻው ይጀመራል፤ መሐሉ ላይ መዝለል የለም። በላቸው በጆሮዬ ይተረጉምልኛል።

«የተነሡበትን ቦታ እየነገሩ ነው። … ሣሩን ጨረሱ። … አሁን ፍየሎቹ ላይ ናቸው።»

«ፍየሎቹ ምን ሆኑ?»

«ሳል ይዟቸዋል። … አሁንም ፍየል ነው። ወይ አምላኬ፣ እያንዳንዷን ሊጠሩ ነው!»

ፋጡማ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ሳትንቀሳቀስ ትሰማለች። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ድንገት ቀና ብላ ሽማግሌውን አየች፤ በላቸውም ክንዴን ጨበጠኝ።

«በውሃው ውስጥ ካሉት ዛፎች፣ ከሩቁ ወሽመጥ፣ ጭስ አየሁ ይላሉ። በዓይኔ። ሦስት ሰዎች። ጀልባቸው ምሰሶ የለውም። ዓሣ ጠብሰው ይበላሉ። አንደኛው ግራ ክንዱን ደረቱ ላይ አስሯል። አነጋገርኩት። ዓሊ ነኝ አለኝ።»

እልል ያሉት ትናንት ያለቀሱት ሴቶች ነበሩ። ሽማግሌው እልልታው እስኪያልቅ ጠበቁና ስለ ፍየሎቹ ወደ መናገር ተመለሱ።

ሰኞ፣ እና የመልሱ ጉዞ

በማግስቱ ላንድሮቨሩን ይዘን ከዘመዶቹ ጋር አመጣናቸው። ዓሊ አጭር፣ ሳቂታ ሰው ነው። ክንዱ ተሰብሯል፤ ወጌሻ አሰረው። ደጁ ላይ እንደወረደ ቁጭ ብሎ ለዘመዶቹ ስለ ነፋሱ ሊተርክ ሲጀምር ፋጡማ በደህናው እጁ ጎተተችው።

«ዳጉውን ኋላ! መጀመሪያ ግባ!»

ያን ቀን የጋሽ ሰይድን ቅጠል ቀቅላ፣ በብርድ ልብስ ሸፍና አጠነችው። ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ ሲያስልና ሲሳደብ በረንዳው ድረስ ይሰማ ነበር።

በላቸው ከጫነ በኋላ ተነሣን። መንገዱ ያው ነው፤ ጎማም አልፈነዳም። የተገናኘነውን ሁሉ ቆመን አነጋገርን፤ በላቸውም አልተጣደፈም።

ጉለሌ ስንደርስ ጧት ነበር፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ፊታችንን ሲነካው ደስ አለን። መኪናው ወደ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሲጠጋ ግን ሱቁ ተዘግቷል። ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ወጥቷል። ሰዎች ተቀምጠዋል። በላቸው ሞተሩን አጠፋ።

«ያ ሾፌር» አለ በቀስታ። «ቅዳሜ የተነሣው።»

በኋላ እንደተረዳሁት ሾፌሩ የተናገረው «ዓሊ ትንሽ አሞታል» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገውም።

ጋሽ ሰይድ ከመካከላቸው ሆኖ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አንተም መጣህ፣ አስናቀ? በል እንግዲህ፣ ደህና ነው በለኝ።»

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ እውነትም ነበር። ግን በዚያ ደጅ ላይ ማንም የሚያምነው ቃል አልነበረም። ቦርሳዬን አውርጄ ፊት ለፊቱ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና ከሐሙሱ ነፋስ ጀመርኩ። ምሰሶውን፣ ገመዱን፣ የሴቶቹን ለቅሶ፣ ሽማግሌውን፣ ፍየሎቹን ሁሉ ነገርኩት። አንዱ «ወደ ነገሩ ግባ» ሲለኝ ጋሽ ሰይድ በእጁ ዝም አስባለው። የዓሊን ክንድ በየትኛው በኩል እንደታሰረ ነገርኩት። ፋጡማ ምን ዓይነት ሹራብ እንደምትለብስ ነገርኩት።

«በዓይንህ?» አለኝ።

«በዓይኔ። ዓሊ ቃልም ልኮልሃል። 'ቅጠልህ ቤቴን የሆስፒታል ሽታ ሞላው፤ ከባሕሩ የተረፍኩትን ሰውዬ በእንፋሎት ልትገድለኝ ነበር' በልልኝ ብሏል።»

ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ የሳቀ አልመሰለኝም፤ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ተነሣ። ሁለት ጊዜ ቀዳዳውን ሳተ፤ በሦስተኛው ሱቁን ከፈተ።

አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አስተካክለው ተከተሉት።

«እንግዲያውስ ሰይድ፣ ከከፈትከው አይቀር አንድ ክብሪት ስጠኝ» አሉት።